ቀይ ክር የበዛበት መጽሐፍ

የስንዴ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲወፍር የራሱ የሆነ ሽታ አለው። የምግብ ሽታ እንዳንለው አያስርብም፤ የሙጫ ሽታ እንዳንለውም ሆድ ያባባል። ባለፈው ሰሞን ጀርባው የተገነጠለ አንድ አሮጌ ልብ ወለድ ልጠግን ብዬ ዱቄቱን በጣሳ ሳማስል ይኸው ሽታ ክፍሌን ሞላውና ማማሰሉን ትቼ ቆምሁ። ሙጫው ጓጎለ። እኔ ግን ዓባይ ማዶ፣ ከእትዬ ትርንጎ በረንዳ ላይ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ በድምፄ ለመብለጥ እየጮህሁ ሳነብ ነበርሁ።

ምናባዊ ልብ ወለድ የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ። አዲስ መጽሐፍ ባገኙ ቁጥር አስተያየቴን ይጠይቁኛል፤ ወዲያው ደግሞ በመጠየቃቸው ይጸጸታሉ። ዘንዶው እሳት ተፋ ሲባል እነሱ እሳቱን ያያሉ። እኔ ዘንዶው ምን በልቶ እንደሚያድር እጠይቃለሁ። ከተማዋ በደመና ላይ ተሠራች ሲባል የመጠጥ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ማወቅ እፈልጋለሁ። "አንተ ደግሞ! ፈጠራ መሆኑን ረሳኸው?" ይሉኛል። አልረሳሁም። ፈጠራ ስለሆነ ነው የምጠይቀው። እንዲህ ማንበብን ያስተማሩኝ እትዬ ትርንጎ ናቸው፤ ያስተማሩኝም በአንድ ክረምት ነው።

በዚያ ዓመት ለባሕር ዳር እንግዶች ነበርን። አባቴ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ከአዳማ አመጣንና ከድልድዩ ማዶ፣ ከእትዬ ትርንጎ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። የሰፈሩ ልጆች አፌን በከፈትሁ ቁጥር ይስቁብኛል። እነሱ "ሄድሁ" ነው የሚሉት፤ እኔ "ሄድኩ" ስል እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ሄድኩ! ሄድኩ!" እያሉ እንደ ዶሮ ይንጎራደዳሉ። ስለዚህ ዝም አልሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ዝናቡ ሲገባ ከግቢ መውጣቱንም ተውሁት።

እትዬ ትርንጎ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከማሽን የወረደውን አቡጀዴ በብርሃን ላይ እየዘረጉ እንከን ይፈልጋሉ፤ የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ። እንከን ሲያገኙ ከጨርቁ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ እንጂ አይቀዱትም። "መቅደድ የማንም ሥራ ነው፤ ምልክት ማድረግ ግን ማየት ይጠይቃል" ይሉ ነበር። እኛ ስንደርስ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሰው በበራቸው ሲያልፍ ጥላውን ያያሉ፤ ፊቱን አይለዩም። እኔን የሚያውቁኝ በድምፄ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ያመጣው ኑሩ ነው። ኑሩ ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ አለው፤ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልልበትን አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይገዛል። አንድ ቀን ከወረቀቱ መሐል ሽፋን የሌለው ወፍራም መጽሐፍ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ስኳር ተጠቅልሎባቸው ወደየሰው ቤት ሄደዋል። ቀጣዩን ሊገነጥል ሲል ዓይኑ አንድ መስመር ላይ አረፈና ሱቁን ክፍት ትቶ መጣ።

"እትዬ፣ ሐይቅ በሰንሰለት ይታሰራል እንዴ?"

"ማን አሰረው?"

"ንጉሥ ነው የሚለው።"

"ከምን ጋር አሰረው?"

ኑሩ ገለጥ ገለጥ አደረገ። "ከተራራ ጋር።"

"ተራራውንስ ምን ያዘው?"

"እሱን አልነገረንም።"

"እንግዲያው ስኳርህን በሌላ ጠቅልል" አሉ እትዬ ትርንጎ። ፊታቸውን ወደ እኛ ቤት አዞሩ። "አንተ የአዳማው! ማንበብ ትችላለህ?"

በመጀመሪያ ግን መጽሐፉን ማዳን ነበረብን። ቅጠሎቹ እየተበተኑ ነው። እሳቸው በጣታቸው እየዳበሱ ይደረድራሉ፤ እኔ የዱቄቱን ሙጫ አማስላለሁ፤ "ቀጥኗል፣ ጨምር" ይሉኛል ሳያዩት፣ ከማማሰያው ድምፅ። ሁሉም ከጀርባው ላይ ተጣበቀ። የመጨረሻው ጥራዝ ብቻ ሙጫው አልይዘው ስላለ ለብቻው ተቀመጠ።

እንዲህ ጀመርን። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ እሳቸው በዱካ በርጩማቸው፣ እኔ በበሩ ደፍ ላይ። ታሪኩ ሐይቁን በሰንሰለት ስላሰረ ንጉሥ ነው። ሐይቁ ከታሰረ በኋላ ዓሣው ሁሉ ጠፋ፤ ንጉሡም ሐይቁን ይቅርታ ሊጠይቅ በሸምበቆ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ሳምንት ሙሉ ይቀዝፋል። ገና ጀልባው ከዳር ሳይርቅ እትዬ ትርንጎ እጃቸውን አነሡ።

"ቁም። ሳምንት ሙሉ?"

"ሳምንት ሙሉ ነው የሚለው።"

"ጀልባዋን አውጥቶ ሳያደርቅ?"

ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁ። "ማድረቅ የሚል የለም።"

"ሰውዬው ታንኳ አይቶ አያውቅም። ደንገልም ሆነ ሸምበቆ ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ እያደር ይከብድና ይሰምጣል። ይኸን የጣና ሕፃን ያውቃል።" ከኪሳቸው የቀይ ክር ድውር አወጡ፤ ከፋብሪካ ዘመናቸው የቀረ ነው። በጥርሳቸው ቆረጡና ሰጡኝ። "ከገጹ መሐል አድርግ፤ ጫፉ ይታይ።"

የመጀመሪያው ክር ይህ ነው። ከዚያ ከወፎች ጋር የምትነጋገር ልጅ መጣች። ወፎቹ የጠላት ጦር የት እንደ ሰፈረ፣ የንጉሡ ቀለበት የት እንደ ወደቀ ይነግሯታል። "ወፍ ሁሉ ምሥጢር ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው?" አሉ እትዬ ትርንጎ። "ስለ ትል የሚያወራ ወፍ የለም? ክር።" ሁሉም ሰው መንገድ ይሄዳል፣ ይዋጋል፣ ይዘምራል፤ የሚበላ ግን የለም። ይኸን ያስተዋሉት ዕለት ኑሩ አጠገባችን ነበርና ከዚያ ወዲያ በሱቁ መስኮት አንገቱን እያወጣ መጠየቅ ሆነ ሥራው።

"እትዬ! ንጉሡ ዛሬስ በላ?"

"አልበላም!"

"ወላሂ ይኸ ሰው ይሞትብናል! ዳቦ ልላክለት?"

አንድ ቀን ደፈርሁና "ግን እትዬ፣ ውሸት አይደል? ውሸት ከሆነ ምን ቸገረን?" አልኋቸው። ሐይቁ ላይ የነጎድጓድ ድምፅ ይንከባለላል።

"ውሸት ሲሆን ነው ይበልጥ መጠንቀቅ" አሉ። "እውነት ቢበጠስ ሰው ከራሱ ኑሮ ወስዶ ይቀጥለዋል። ውሸት ከተበጠሰ በምን ይቀጠላል?"

ካነበብኋቸው የመጽሐፍ ትችቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ እስካሁን አላገኘሁም።

ነሐሴ ላይ ስመኝ ከመራዊ መጣች። ስመኝ የእትዬ ትርንጎ አንድ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። ጥላዋን እያራገፈች ሳትቀመጥ ተናገረች።

"እማዬ፣ ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። ከመስቀል በኋላ ይቀበሉሻል።"

"ደኅና ገባሽ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?"

"ነገር አታዙሪ። ቀላል ነው ብሎኛል። የደፈረሰውን አውጥተው ሌላ ይተኩበታል፤ በማግስቱ ታያለሽ።"

"መጀመሪያ ይኸ መጽሐፍ ይለቅ።"

"የምን መጽሐፍ?"

"ጀምሬ የተውሁት ነገር የለም። ሲያልቅ እሄዳለሁ።"

ስመኝ ወደ እኔ ዞረች። "ብዙ ይቀረዋል?"

መጽሐፉን ከደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝሁ። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይናቸውን ያወጡታል። ያረጀውን አውጥተው ሌላ ዓይን ያስገባሉ። ከየት እንደሚያመጡት ለመጠየቅ ፈራሁ።

በማግስቱ ደግሞ ንጉሡ የሐይቁ መሐል ደረሰ። የውኃዋ እመቤት ወጣች። ይቅርታ ከፈለግህ ዓይኖችህን ስጠኝ አለችው። አውጥታ በሐይቁ ውኃ አጠበቻቸውና መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ ሁሉን ነገር አጥርቶ ያያል፤ ነገር ግን ቀድሞ የሚያውቃቸውን ሰዎች አንዳቸውንም አላወቀም። ያን ገጽ ሳነብ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። ቀና ስል የእትዬ ትርንጎ እጆች ጉልበታቸው ላይ ተጨብጠዋል።

"ክር" አሉ።

"የቱ ላይ?"

"ሁሉም ላይ። ይኸ አይሆንም። ዓይን እንዲህ አይወጣም።" ክሩን ለመቁረጥ ሲሞክሩ ጥርሳቸው ሳተው፤ እኔ ቆረጥሁላቸው።

በዚያ ቀን አንድ ነገር ወሰንሁ። መጽሐፉ ማለቅ የለበትም። ካለቀ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ዓይናቸው ይወጣል፤ ሲመለሱ እንደ ንጉሡ እኔን አያውቁኝም። በዚህ ከተማ የሚያውቀኝ ሰው ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ በዝግታ ማንበብ ጀመርሁ። እንከን እንዲነግሩኝ መጠበቁን ትቼ ራሴ ፈለግሁ። "እትዬ፣ በር ከፈተ ይላል፤ መቼ ዘጋው?" "እውነትህን ነው፤ ክር።" "እትዬ፣ ፈረሱ ቅድም ቡላ ነበር፤ አሁን ዳማ ሆኗል።" "ጎሽ! ክር።" የንጉሡ ወንበር ስንት እግር እንዳለው አልተጻፈም ብዬ ሳይቀር ክር አስገባሁ። የሚገርመው እሳቸውም አንዱንም እንከን ትንሽ ነው ብለው አይንቁም፤ እንዲያውም ያለፍነውን ምዕራፍ መልስ ይሉኛል። አንድ ገጽ ከሰዓቱን ሙሉ ይዞን ይውላል። መጽሐፉ ጠርዙ ሁሉ ቀይ ጢም አበቀለ።

"ይኸ ንጉሥ ከሐይቁ ሳይወጣ ክረምቱ ሊወጣ ነው!" አለ ኑሩ።

አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ሱቁ ሄጄ፣ የልቤን ለሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ፣ ለእሱ ተናገርሁ።

"ጋሼ ኑሩ፣ ዓይኑን ያስወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"እናቴ ራሷ! ወረታ ላይ አስወጣች አይደል እንዴ። አሁን ክር በመርፌ የምታስገባው እሷ ናት።"

"ስትመለስ አወቀችህ?"

ኑሩ ሳቀ። "እናት ልጇን እንዴት አታውቅ?"

ሳሙናውን ይዤ ወጣሁ። ዓባይ ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍና አረፋ ተሸክሞ፣ ከድልድዩ ሥር ይጮኻል። እኔ ግን የእትዬ ትርንጎ ልጅ አልነበርሁም።

ክር ቢበዛም ገጽ ያልቃል። መስቀል አለፈ። ስመኝ መኪና ይዛ በመጣችበት ጠዋት ያልተነበበው ያ ለብቻው የተቀመጠው ጥራዝ ብቻ ነበር። ያቆምነው ንጉሡ ሐይቁን ሊፈታ ሲወስን ነው፤ "ንጉሡም የሰንሰለቱን ቁልፍ ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ" ይላል የመጨረሻው መስመር። እትዬ ትርንጎ ነጭ ለብሰው ወጡ። ጥራዙን ተቀበሉኝና በቀይ ክር መስቀለኛ አሰሩት።

"ይኸ ስመለስ ነው" አሉኝ። "ከቤቱ የሚወጣ ሰው ያላለቀ ነገር ትቶ መውጣት አለበት፤ እሱ ይጠራዋል። እንዳትከፍተው። ቋጠሮዬን አውቀዋለሁ።" ከዚያ ለእናቴ "ዛሬ ቤቴን እንዳትጠርጉብኝ፤ መንገደኛ የሄደበት ቤት ወዲያው አይጠረግም" አሏት። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄደ።

ጥራዙን ከፍራሼ ሥር አስቀመጥሁት። አልከፈትሁትም። ንጉሡ ምን እንደሚሆን ማወቅ አልፈለግሁም፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው በመጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም።

የተመለሱ ዕለት ፀሐይ ነበር። ግቢው ሞላ። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በስመኝ ክንድ ተደግፈው ገቡና በዱካቸው ተቀመጡ። መነጽሩን አወለቁ። ዓይናቸው እዚያው ነበር፤ ያው ቡናማ ዓይን። ግን ቀድሞ አየር ላይ ይንሳፈፍ የነበረው አሁን የሚያርፍበትን ያውቃል።

"ኑሩ ነህ?" አሉ። "ይኸ ሁሉ ሽበት የማን ነው? ድምፅህ እኮ የጎረምሳ ነው።"

"የእርስዎን ንጉሥ ስጠብቅ የወጣ ነው።"

ሰው ሳቀ። እናቴን አዩ፤ ስለ ቀሚሷ ጥለት ጠየቋት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ። ከበረንዳው ምሰሶ አጠገብ ጥራዙን ይዤ ቆሜያለሁ። አዩኝ። አለፉኝ። ተመልሰው አዩኝ።

"ይኸስ የማን ልጅ ነው?" አሉ።

ልክ እንደ መጽሐፉ ሆነ። ሁሉን አጥርተው ያያሉ፤ እኔን ግን አያውቁኝም። እናቴ ከኋላ ገፋ አድርጋ "ተናገር እንጂ!" አለችኝ። ስሜን ልል ብል ስሜ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው በልቤ ስደጋግመው የሰነበትሁት መስመር ነው።

"ንጉሡም የሰንሰለቱን ቁልፍ ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ።"

እትዬ ትርንጎ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ውይ! አንተ ነህ?" ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ በዓይናቸው አይተው አልበቃ ብሏቸው እንደ ጨርቅ ዳበሱት። "እኔ እኮ ረጅም አድርጌህ ነበር! ጠይም፣ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት። ይኸ ሁሉ ጆሮ አልነበረህም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አይተውኝ አያውቁም ነበር። የማያውቁትን ፊት እንዴት ይርሱት?

ቋጠሯቸውን መርምረው ሲያበቁ ጥራዙን ፈቱት። በዚያ ከሰዓት እኔ አድማጭ ሆንሁ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እየጎተቱ፣ ፊደሉን እያጣጣሙ ያነባሉ፤ እኔ በሁለት ትንፋሽ የምጨርሰውን ሩብ ሰዓት ይፈጁበታል። ንጉሡ ቁልፉን አዞረ። ሰንሰለቱ ወደቀ። ሐይቁ ተነሣ። እትዬ ትርንጎ የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡ፣ አነበቡ፣ ቆሙ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ባዶ ነው።

"ይኸው ነው?"

"ምን ሆነ?"

"ንጉሡ ከአልጋው ላይ ነቃ። ሁሉም ሕልም ነበር ይላል።" ቅጠሉን ወደ ብርሃን አነሡት፤ ከሥሩ ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል። "ይኸን ለማንበብ ነው ዓይኔን ያሠራሁት?"

ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ አላስታውስም። ስመኝ "እማዬ፣ ዓይንሽን እንዳታሺ!" እያለች እጃቸውን ትይዛለች፤ እሳቸው እንባቸው እየፈሰሰ ይንፈቀፈቃሉ። ኑሩ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ሲነቃስ ቁርስ በላ?"

"አልበላም!"

ሳቁ ሲበርድ መጽሐፉን በሙሉ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። "ና ከመጀመሪያው" አሉኝ። "እኔ አላየሁትም።" እየተቀባበልን ስናነብ ከክር ደረስን። የጀልባውን አዩና "ይኸ እንከን ነው፤ ይቆይ" አሉ። የወፎቹም በቦታው ቀረ። የፈረሱን አነበቡና ፈገግ ብለው ተዉት። የበሩን ግን በጥፍራቸው መዝዘው ጣሉት። ከዚያ ብዙ ጣሉ። የውኃዋ እመቤት ዘንድ ስንደርስ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክሩን ቀስ ብለው አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"ይኸ እንከን አልነበረም" አሉ። "ደኅና አድርጎ ነው የጻፈው።"

"ታዲያ ለምን ክር አደረግንበት?"

"ፈርቼ ነዋ።"

"እኔም" አልሁ።

"አውቃለሁ። ስለ ወንበሩ እግር የጠየቅኸኝ ዕለት ነው ያወቅሁት።"

ከብዙ ቀን በኋላ ስንጨርስ፣ መቅደድ የማንም ሥራ ነው ይሉ የነበሩት እትዬ ትርንጎ የመጨረሻዋን ቅጠል ከሥሯ ገነጠሉ። ወደ ሱቁ መስኮት ዘረጉለት።

"ኑሩ፣ በል ስኳር ጠቅልልበት።"

ዛሬም በምናባዊ ልብ ወለድ ላይ ትችት ስጽፍ በመጽሐፉ ላይ ቀይ ክር አስገባለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን እያንዳንዱን ክር ሳብ አድርጌ የማን እንደሆነ፣ የደራሲው ወይስ የእኔ፣ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹን አወጣቸዋለሁ።

አዲስ ሙጫ አማሰልሁ። ይኸኛው አልጓጎለም። ጀርባው የተገነጠለው መጽሐፍ ያው እኔ ዘንድ የቀረው የእትዬ ትርንጎ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት የደበዘዙ ክሮች ቀርተውታል። ቅጠሎቹን አጣብቄ ከባድ ነገር ጫንሁበት። ንጉሡ ቁልፉን እንዳዞረ፣ ሐይቁ ፊቱ እንደ ተነሣ፣ እዚያው ዳር ላይ ቆሟል። አልነቃም። አልበላምም።